ውሻ የሚፈቀድበት ደብር

በእግር መንሸራሸር ለጤና ጥሩ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አማቱን፣ ያኮረፈች ልጁንና አንድ ውሻ ይዞ ተንሸራሽሮ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። እኔ ተንሸራሽሬአለሁ። ጤናዬ እንደነበረ ነው። ጫማዬ ግን አንዱ እስካሁን አልተገኘም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ልጄ ብሌን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ውሻ ግዙልኝ ብላ ክረምት ከበጋ ስትነዘንዘን፣ እኔና እናቷ መክረን ዘክረን «ሁሉንም ትምህርት ኤ ካመጣሽ» አልናት። የሐበሻ ወላጅ ቃል የሚገባው የማይሆነውን መርጦ ነው። ሒሳብ አለ፣ ኬሚስትሪ አለ፣ ምን ያስፈራናል ብለን ለጥ ብለን ተኛን። ልጅቷ ኤ በኤ ሆና መጣች። ዘመድ ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያለ ሲደውል፣ እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ሎረንስቪል፣ ሳሎናችን ውስጥ ሙግት እንደተረታ ሰው አንገታችንን ደፍተን ተቀምጠን ነበር።

ዋፍል ቤታችን የገባው እንዲህ ነው። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት። ቡናማ ነው፣ ጆሮው ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ሆዱን ለማንም ገልብጦ የሚያሳይ። ሌባ ቢመጣ እጁን ልሶ፣ ቴሌቪዥኑ ያለበትን ክፍል መርቶ የሚያሳይ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሰሞን እኔም ፊት ነሣሁት። እሱ ግን ፊት ሲነሡት አይገባውም። ከሥራ ስገባ ከቤቱ ሰው ሁሉ በሩ ድረስ መጥቶ የሚቀበለኝ እሱ ብቻ መሆኑን ሳስተውል ግን ወደድኩት። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ውሻ ወደደ መባል ምን ያደርግልኛል?

ከዚያ እማማ መጡ። እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። አባወራቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን አይሁኑ ብለን፣ ከእኛ ጋር እንዲኖሩ ከአዲስ አበባ አስመጣናቸው። ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ፣ ዋፍል ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ በአፍንጫው ቀሚሳቸውን ይነካል። ውሻ የነካው ልብስ ለጸሎት አይሆንም። ልብስ ይቀይራሉ። እንደገና ይጀምራሉ። እንደገና ይነካል። የልብስ ማጠቢያው ማሽን እንደዚያ ሰሞን ሠርቶ አያውቅም።

«ይሄ ምን ይሠራል?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ምንም አይሠራም እማማ። አብሮን ይኖራል።»

«ይጮኻል?»

«አይጮኽም።»

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነበር የማውቀው። ይሄ በልቶም ዝም ነው።»

ትንሽ ቆይተው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ልጄ፣ ቤቱ ያንተ ነው። እኔ መጤ ነኝ። ግን ይሄ ውሻ ቢሄድልኝ ደስ ይለኛል» አሉ። አማት «ደስ ይለኛል» ካሉ ይግባኝ የለውም። እኔም ይሉኝታ አንደበቴን ቀድሞት «እሺ» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዚያው ቀን ሌላ ከተማ፣ ኮንየርስ፣ ለሚኖረው ጓደኛዬ ለጌትሽ ደወልኩ። ጌትሽ ዌርሀውስ ውስጥ ይሠራል፣ ሰፊ ጓሮ አለው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ ሊወስደው ተስማማን።

ብሌን ይህንን ስትሰማ አላለቀሰችም። ቢያለቅሱ ይሻላል። እኔንም አያቷንም ማናገር አቆመች። ራት ላይ «ማም፣ ዳድን ጨው ፓስ እንዲያደርግልኝ ንገሪው» ትላለች። ጨው እኔ ፊት ነው፣ እኔ እሷ ፊት ነኝ፣ መልእክቱ ግን በእናቷ በኩል ዞሮ ይመጣል። እማማ እንጀራቸውን ያያሉ።

እንግዲህ መላ ያስፈልጋል። እኔ ሥራዬ በቫን ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ ሐኪም ማመላለስ ነው። ከደንበኞቼ መካከል አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት አሉ፤ ችግሬን ስነግራቸው መድኃኒቱን አዘዙልኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሰሜን በኩል፣ አንድ የድሮ ባለጸጋ ያሠራው ታሪካዊ የአትክልት ስፍራ አለ። ሐይቅ አለው፣ ኮረብታ አለው፣ ውሻ ይፈቀዳል። «እዚያ ከውሻ ጋር ሄዶ ተጣልቶ የተመለሰ ቤተሰብ አላየሁም» አሉኝ። እኔም አሰብኩ፤ እማማ ጨዋ ሰዎች ከጨዋ ውሾች ጋር ሲሄዱ ቢያዩ፣ ዋፍልም አንድ ቀን እንኳ ሰው መስሎ ቢውልልኝ፣ ምናልባት «ተወው ይቅር» ይሉ ይሆናል። እሳቸው ካላሉ የሚል የለም። እሑድ ሊደርስ የቀረኝ ቅዳሜ ብቻ ነበር።

ለባለቤቴ ሐሳቤን ነገርኳት። እሷ ነርስ ናት። «እናቴን አታውቃትም» አለችና ለቅዳሜ ተጨማሪ ሺፍት ወሰደች።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። እማማ ከፊት፣ ብሌንና ዋፍል ከኋላ። ዋፍል መኪና ውስጥ ሲገባ ወደ ፊት ማየት ይወዳል፤ ስለዚህ ትንፋሹ የእማማ ማጅራት ላይ ነው። እማማም ጥላቸውን አወጡና መኪናው ውስጥ ዘረጉት። እኔ ሀይዌይ ላይ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ማየት ትቼ፣ ጥቁር ጥላ እያየሁ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ነዳሁ። ከጥላው በስተጀርባ ብሌን ለውሻው «ሶሪ ቤቢ፣ ኢትስ ኦኬ» ትለዋለች። ለእኛ ሶሪ የለም።

ደርሰን ፓርክ አደረግኩ። በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። ቦታው ታሪካዊ መሆኑን ይናገራል። እማማ አስተርጉመው ሰሙና «ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ። መቶ ዓመት አለፍ እንደሚል ነገርኳቸው። «አክስቴ ከዚህ ትበልጥ ነበር» አሉና መንገድ ጀመሩ።

ሰው ሁሉ ውሻውን እያስከተለ ይሄዳል። ትልቅ አለ፣ ትንሽ አለ፣ ሹራብ የለበሰ አለ፣ በሕፃን ጋሪ የሚገፋም አየን። እማማ በጋሪ የሚገፋውን በዓይናቸው ሸኙት።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አሉኝ ትንሽ እንደተጓዝን።

«በሐይቁ ዞረን፣ በኮረብታው አድርገን እንመለሳለን።»

«የት?»

«መኪናው ጋ።»

«ከመኪናው እኮ አሁን ነው የወረድነው።»

እርምጃዬን ፈጠን አደረግኩ። 

ከሐይቁ ማዶ አንድ የፈረሰ ግንብ አለ፤ ግማሽ ግድግዳ፣ ጣሪያ የሌለው፣ ሐረግ የወጣበት። እማማ ቆም ብለው በሐዘን ከንፈራቸውን መጠጡ። «ጦርነት ነው?» አሉ። ሰሌዳውን አነበብኩት። ባይነበብ ይሻል ነበር። ግንቡ አልፈረሰም፤ ከመጀመሪያውም ፍርስራሽ ሆኖ እንዲታይ ነው የተሠራው። ባለጸጋው ፍርስራሽ ማየት ይወድ ነበር። ይህንን ለእማማ በሚገባ አስረዳኋቸው።

«ገንዘብ አውጥቶ ፍርስራሽ አሠራ?»

«አዎ እማማ።»

«ተው ልጄ፣ ኮንትራክተሩ በልቶት ነው። ሰውየው ለሰው መናገር አፍሮ እንዲህ ነው የፈለግኩት ብሎ ነው።» ስለ ቦታው ታሪክ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይህን ያህል አሳማኝ ነገር አልሰማሁም።

እዚያው ፍርስራሹ ጥግ ዋፍል ጉዳዩን ጨረሰ። እንዳገሩ ይኖሯል፣ እንደወንዙ ይሻገሯል፤ ከረጢቴን አውጥቼ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል እማማ ያዩኛል። ልጃቸውን የዳሩልኝን ቀን እያስታወሱ ይመስሉ ነበር።

«ለዚህ ነው አሜሪካ የመጣኸው?» አሉ ቀስ ብለው።

ቆሻሻ መጣያ በአካባቢው አልነበረም። ከረጢቱን በእጄ እንዳንጠለጠልኩ ቀጠልኩ። እማማም በእጃቸው ዳቦ ቆሎ የያዘ ከረጢት አንጠልጥለዋል፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ከረጢቶቹ ይቀያየራሉ ብላችሁ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። አልሆነም። እኔም በሕይወቴ አንዳንድ ነገር ይቀርልኛል።

ከሐይቁ ወደ ኮረብታው የሚወጣው መንገድ ሲጠማዘዝ ነው ነገሩ የመጣው። ኮረብታው አናት ላይ ክብ ሕንፃ አለ። ጉልላት አለው። ዙሪያውን ያረጁ ትልልቅ ዛፎች ከብበውታል፣ ከዛፎቹ ውጭ ደግሞ ዝቅ ያለ የድንጋይ ቅጽር ከነመግቢያ በሩ አለ። ወፍ ይንጫጫል፣ ከዚያ ሌላ ጸጥታ ነው። እማማ ስለ ኮንትራክተሮች የጀመሩትን ወሬ እመሃል ላይ አቋረጡት።

«ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። «ደብር አለና!»

እኔ በጎን ያለውን ሰሌዳ አይቼዋለሁ። ባለጸጋው ሚስቱ ሻይ እንድትጠጣበት ያሠራላት ነው። አፌን ከፈትኩ። እማማ ግን ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ አማትበው፣ የበሩን ድንጋይ ተሳልመው ነበር። ፊታቸው በራ። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ እንደዚያ ሲበራ አላየሁም። የገበያ አዳራሽ ወስደናቸዋል፣ ባለ ብዙ ቀለም ፏፏቴ አሳይተናቸዋል፣ እንዲያ አልበራም። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ዝም አይነቅዝም።

ብሌን ኩርፊያዋን ረስታ በቀጥታ አናገረችኝ። «ዳድ፣ ይሄ ላይክ ቸርች አይደለም እኮ። ንገራት!»

«ቆይ።»

«ዩ ሃቭ ቱ ቴል ሀር።»

«አንቺ ንገሪያት።»

አያቷን አየቻቸው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀምጠው፣ በባዶ እግራቸው የእብነ በረዱን ደረጃ ሊወጡ ነው። እሷም አፏን ዘጋች። ይሉኝታ በደም ይተላለፋል፤ እዚህ ተወልዶም አይቀርም።

እኔ ሳላስብ ተከትዬ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አሳረፍኩ። እማማ ዞር ብለው እግሬን አዩት።  ከረጢቱን ዛፍ ሥር አስቀምጬ ጫማዬን አወለቅኩ። ብሌንን ደግሞ «ውሻው ቅጽር አይገባም። ውጭ ያዢው» አሏት።

ችግሩ ውስጥ ሰዎች መኖራቸው ነው። አንድ ሰውዬና ሚስቱ ከሁለት ውሾች ጋር ገብተው ጉልላቱን ፎቶ ያነሣሉ። እማማ ውሾቹን ሲያዩ በጥላቸው ወደ በሩ አመለከቱና «ውጣ!» አሉ። ውሾቹ አማርኛ ገባቸው፤ ወጡ። ሰውየውና ሚስቱም ውሾቹን ተከትለው ወጡ።

ሰውየው ወደ እኔ ጠጋ አለ። የተደረደሩትን ጫማዎች እያየ፣ በትሕትና፣ «ይቅርታ፣ ጫማ ማውለቅ ነበረብን እንዴ?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

አሁን ፍረዱኝ። አያስፈልግም ብዬ ብነግረው፣ ታዲያ እናንተ ለምን አወለቃችሁ ይለኛል። አማቴ የሻይ ቤት እየተሳለሙ ነው ብዬ እሳቸውን በፈረንጅ ፊት ላሳጣቸው ነው? «ለቦታው ክብር ነው» አልኩት።

ሰውየው «ኦህ!» አለና አወለቀ። ሚስቱም አወለቀች። ውሾቻቸውን ለብሌን ሰጧት፤ ውሻ ይዛ ውጭ የቆመች እሷ ናትና። ከኋላ የመጡት ደግሞ እነሱን አይተው አወለቁ። እዚህ አገር ሰው ሰልፍ ካየ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይሰለፋል፤ በዚህ በኩል ከእኛ ጋር አንድ ነን። ጥቂት ቆይቶ ደረጃው ሥር ያለው ጫማ የቅዱስ ሚካኤል ንግሥ ይመስል ነበር። ብሌን እጅ ላይ የውሻ ገመድ በዝቶ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው።

የቦታው ሠራተኛ፣ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰች ሴትዮ፣ መጣች። ጫማዎቹን አየች። በካልሲ የቆመውን ሰው አየች። «ዛሬ ፕሮግራም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለምን እኔን እንደጠየቀችኝ አላውቅም። እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በአገጬ ወደ እማማ አመለከትኳት። ሴትዮዋ ለትንሽ ጊዜ አሰበች። ከዚያ ቡትስ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። «ይህን ያህል ዓመት ስሠራ ማንም አልነገረኝም» አለች፤ በአለቆቿ እያዘነች።

እማማ እመሃል ገብተው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው መጸለይ ጀመሩ። ዳዊት ሲደግሙ እንደሚያደርጉት ለራሳቸው ብቻ በሹክሹክታ ነበር። ጉልላቱ ግን ድምፅ የሚያጎላ ኖሯል። ባለጸጋው ሚስቱ ሻይ እየጠጣች የምትለውን ከውጭ ሆኖ ለመስማት ያሠራው ይሁን አላውቅም፤ የእማማ ሹክሹክታ አንድ ቃል ሳይጎድልበት ደረጃው ላይ ለቆምነው ሁሉ፣ ቅጽሩ በር ላይ ላለችው ብሌንም ጭምር ወጣ። ፈረንጆቹ ዜማው ነው ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቃሉ የሚገባን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና ብሌን።

«መድኃኔዓለም አባቴ» አሉ እማማ፤ «አንተን ለማን እደብቅሃለሁ። ውሻው ይሂድልኝ ያልኩት ርኩስ ነው ብዬ አይደለም። ልብስ ይታጠባል። ጠዋት ሁሉም ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። እኔና እሱ እንቀራለን። መጀመሪያ ሂድ ወዲያ እለው ነበር። ከዚያ ምን ታየኛለህ አልኩት። ከዚያ ምሳ ስበላ እንብላ አልኩት። ባለፈው ደግሞ ተቀምጬ ስለ ባሌ ነገርኩት። እንዴት እንዳረፈ፣ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለኝ፤ ለልጄ እንኳ ያልነገርኩትን። ለውሻ ነገርኩት፣ ጌታዬ! እሱም ሰማኝ። በስተርጅናዬ አእምሮዬን አትንሣኝ ብዬ ፈራሁ። ሰው ቢሰማኝ አሮጊቷ አበደች አይልም? ከነጭራሹ ሳልለምደው ይሂድ ብዬ ነው። ለምጄዋለሁ ግን። ልጅቷም ጠላችኝ። ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ የነበረው ሁለት ነው፤ አሁን ሁለቱንም ላጣ ነው።»

እኔ እዚያ በካልሲዬ ቆሜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናት አስመጥተን ቤት ሰጥተናል፣ ክፍል ሰጥተናል፣ ለብቻ ቴሌቪዥን ሰጥተናል። ከጠዋት እስከ ማታ የሚያናግራቸው ሰው እንደሌለ አንድም ቀን አላሰብኩም። 

ብሌን አላመነታችም። «እማማዬ!» ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች።

ሮጠች ማለት ገመዶቹን ለቀቀች ማለት ነው።

ቀጥሎ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስረዳት አልችልም፤ ቅደም ተከተል አልነበረውም። ውሾቹ የዚያን ያህል ጫማ ያለ ጠባቂ ተደርድሮ አይተው አያውቁም። እያንዳንዱ እንደ ምርጫው አንዳንድ አነሣና ቁልቁል ወረደ። ባለቤቶቻቸው በካልሲ ተከተሉ። ሠራተኛዋ አንድ ቡትስ በእጇ ይዛ የሌላውን ቡትስ ወሳጅ ታሳድዳለች። የእኔን የግራ ጫማ አንድ ትልቅ ጥቁር ውሻ ይዞ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ይዋኛል። ጫማውን አፉ ውስጥ ከውሃው ከፍ አድርጎ ይዞታል፤ ለዕቃው የሚጠነቀቅ ውሻ ነው። ጌታው፣ ያ መጀመሪያ ጫማ ያወለቀው ሰውዬ፣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲጠራው «ለቦታው ክብር» ብዬ የነገርኩትን እንዳያስታውስ እየጸለይኩ ፊቴን አዞርኩ።

ዋፍል ግን ጫማ አላነሣም። ገመዱን እየጎተተ ደረጃውን ወጥቶ፣ ብሌን አያቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ወደምታለቅስበት ሄዶ፣ እማማ እግር ሥር ተቀመጠ። ነጠላቸውን ነካ።  ደብር ውስጥ ውሻ ገብቶ፣ ነጠላ ነክቶ፣ ከዚህ በላይ ለኮንየርስ የሚያበቃ ጥፋት የለም።

እማማ ቁልቁል አዩት። በአንድ እጃቸው ልጅቷን እንደያዙ ጎንበስ አሉና፣ መሬት የተጎተተውን ገመድ አነሡ። «ና እንውጣ፤ እዚህ አይፈቀድም» አሉት። ከዚያ ኮረብታውን ሲወርዱ፣ ሐይቁን ሲዞሩ፣ ያንን ፍርስራሽ ሲያልፉ፣ ገመዱን ከእጃቸው አልለቀቁትም። ብሌን በሌላ በኩል ክንዳቸውን ይዛለች፤ ስለ ትምህርት ቤቷ የማያቋርጥ ወሬ ትነግራቸዋለች፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው «እንዴ!» ይላሉ። እኔ አንድ እግሬን በጫማ፣ አንድ እግሬን በካልሲ፣ ከኋላ ከረጢቴን አንጠልጥዬ ተከተልኩ።

መኪና ውስጥ ጥላው አልተዘረጋም።  ጭንቀቴ አሁን ሌላ ነበር። ውሻው ይሂድ ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ትልቅ ሰው ያለውን ፊት ለፊት መሻር ነውር ነው። ጸሎትዎን ሰምቻለሁ ማለት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። እሳቸውም አንዴ ይሂድ ብለው ይቅር ማለት አይሆንላቸውም። በዚህ መካከል ውሻው በይሉኝታ ብቻ ኮንየርስ ሊደርስ ነው።

ሀይዌይ ላይ እንደወጣን ስልኬ ጠራ። በመኪናው ስፒከር ነው የሚሰማው። ጌትሽ ነው።

«ወንድሜ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ መጥቼ ውሻውን ፒክ ላድርገው አይደል? አጥሩን አስተካክያለሁ።»

 በመስተዋት ብሌንን አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳለች። እማማ ፊት ለፊት መንገዱን ያያሉ፤ እጃቸው ግን ወንበሩን ጨምድዶ ይዟል።

«ጌትሽ፣ ነገሩ አልሆነም» አልኩ። «ሕጉ አይፈቅድም።»

«የምን ሕግ?»

«የካውንቲው፣ የወረዳው ነዋ። ውሻ ከአንዱ ካውንቲ ወደ ሌላው ዝም ብሎ አይዛወርም። አፕሩቫል ይፈልጋል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል።»

«ኧረ አንተ ሰው! እኔ ባለፈው ከብሩክሄቨን ድመት አምጥቼ የለ?»

«ድመት ሌላ ነው» አልኩና ዘጋሁበት።

 እማማ በረጅሙ ተነፈሱ። «ሕግ ነው ካሉማ ምን ይደረጋል» አሉ። «በሰው አገር ሕግ አይጣስም።» ከኋላ ብሌን ዋፍል ጆሮ ውስጥ ፊቷን ቀበረች።

ከዚያ ወዲያ ጥቂት ነገር ተለወጠ። ብሌን ከትምህርት ቤት መጥታ ክፍሏ አትገባም፤ ከአያቷ ጋር ትቀመጣለች። ባለቤቴ በሥራ እረፍቷ ላይ ለእናቷ ትደውላለች። እኔም ከጠዋቱና ከከሰዓቱ ሕመምተኞች መካከል ክፍተት ሳገኝ፣ እማማ ብቻቸውን ምሳ እንዳይበሉ ቤት ብቅ ማለት ጀመርኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያልኩ ዕለት በሩ ላይ ደርሼ ቁልፉን ሳወጣ፣ ከውስጥ የእማማን ድምፅ ሰማሁ። እጄ ቆመ።

«…ብቻ ደግ ሰው ነው» ይሉታል ለዋፍል። «ያንን የድንጋይ ዳስ ቤተክርስቲያን መስሎት ጫማውን አውልቆ ቆመ አይደል? እኔ ገብቼ ዞር ዞር ብል መቅደስ የለ፣ መጋረጃ የለ፣ አንድ ሥዕል የለ። ወይ ጉድ አልኩ። ግን እሱ እንዲያ አክብሮ ቆሞ፣ ፈረንጁ ሁሉ አምኖት አውልቆ፣ ምን ብዬ ላሳፍረው? ጸሎት እንደሆነ የትም ይሰማል፣ ጀመርኩት። ደግሞ መኪና ውስጥ ያ የካውንቲ ነገር! ውሸት አያውቅበትም፣ ጆሮው ሳይቀር ቀላ። እሺ አልኩት። ምን ላድርግ፣ አማች ነው።»

 ከዚያ ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ቁልፉን ከሚያስፈልገው በላይ አንቃጨልኩ፣ እግሬን ምንጣፉ ላይ ጠራርጌ ገባሁ። እማማ ሶፋው ላይ ናቸው። ዋፍል ከእግራቸው ሥር ጋደም ብሎ ሆዱን ለጣሪያው ሰጥቷል።

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት እማማ?» አልኩ።

«ከማን ጋር አወራለሁ ልጄ?» አሉ እማማ። «ዝም ብለን ነው የተቀመጥነው።»